ዘይት የሚጠጣው ማንኪያ

ትናንት እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ገበያ ለልጅ ልጄ የእንጨት ማንኪያ ላሠራ ሄጄ ነበር። ወጣቱ አናጢ፣ በዐረብኛ አክስቴ ለማለት፣ «ኻልቲ፣ ቫርኒሽ ልቀባው ወይስ ዘይት?» ሲለኝ አንድ የድሮ ማንኪያ ትዝ አለኝ።

በረሃቡ ዘመን፣ የስደተኞች መጠለያው ውስጥ ሳለን፣ ታናሽ ወንድሜ አፉ ቆስሎ የቆርቆሮ ማንኪያ አልቀበል አለ። ከአርማጭሆ አብረውን በእግር የመጡት ጎረቤታችን አባ ተገኘ ከማገዶው መሐል ቁራጭ እንጨት መርጠው ማንኪያ ጠረቡለት። እናቴ «ከገበያ ቫርኒሽ ቢገኝ እኮ ያምርበት ነበር» አለቻቸው።

«ቫርኒሽ ለወንበር ነው» አሉ። «ልጅ አፉ የሚከተው ነገር በሚበላ ነው የሚታሸው።»

ከራሽን ዘይታቸው ቀቡትና ሰርጎ እስኪገባ ፀሐይ ላይ እንድጠብቀው ለእኔ ሰጡኝ። ጠበቅሁት፤ ግን ርቦኝ ነበር። ዞር ሲሉ ላስሁት።

ተመልሰው ማንኪያውን አገላብጠው አዩና «ይህ እንጨት ጠጪ ነው» ብለው ደግመው ቀቡት። በማግሥቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን የቀረቻቸውን ዘይት አንጠፍጥፈው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ «ዛሬ ወፈር አድርጌዋለሁ፤ አትቸኩይ» አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ገንፏቸውን ያለ ዘይት ሲውጡ አይ ነበር። ወንድሜ በማንኪያው በልቶ ዳነ። አባ ተገኘ ክረምቱን አልወጡትም። አውቀውብኝ ይሆን? ዛሬም እጠይቃለሁ።

«ኻልቲ?» አለኝ አናጢው እንደገና።

«ዘይት» አልሁት። «ወፈር አድርገህ።»