አዴ አሚና ማንን አጠባች?

ቅዳሜ ጠዋት ከድሬ ዳዋ ወደ መልካ ጀብዱ የተነሳሁት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው፤ አብዲን ማግባት እችላለሁ ወይስ ወንድሜ ነው? እብደት እንደሚመስል አውቃለሁ። ሽማግሌ ተልኮ፣ ኒካህ ሊታሰር ጥቂት ሲቀረው፣ የአብዲ አክስት በምሳ መሀል ቀና ብላ፣ «ቆይ፣ እነዚህን ልጆች ሁለቱንም አሚና አላጠባቻቸውም እንዴ?» አለች። አሚና የመልካ ጀብዱ ጎረቤታችን ናት፤ «አዴ»፣ እናት እንደማለት፣ እንላታለን። በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ከአንድ ሴት ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው፤ አይጋቡም። እናቴን እንዳልጠይቅ በሕይወት የለችም። የአብዲ እናት ደግሞ «እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ፣ ምን አውቃለሁ?» ብላ ዐረፈችው።

ከከዚራ ሰፈር ባጃጅ ይዤ ወደ ሚኒባሶቹ መቆሚያ ሄድኩ። ለአዴ አሚና ግማሽ ኪሎ ሀልዋ ገዛሁ፤ ዋጋው ጨምሯል፣ ለመከራከር ግን ልብ ስላልነበረኝ የተባልኩትን ከፈልኩ። ሚኒባሱ እስኪሞላ ፀሐይ ላይ ተቀቀልን። ከከተማው ስንወጣ በግራ ደረቅ ተራራ፣ በቀኝ ግራርና ፍየል ነው። ድሮ ባዶ የማውቀው ሜዳ ላይ መጋዘኖች ተሰልፈዋል። እነሱን ሳይ ግራ ገብቶኝ መውረጃዬን አለፍኩት። በተወለድኩበት ከተማ መንገድ ጠይቄ መግባቴ አሳፈረኝ።

ግቢው

ያደግንበት ግቢ እንዳለ ነው። እናቶቻችን በባቡር እስከ ጅቡቲ ድንበር፣ እስከ ደወሌ እየወረዱ ልብስና ሩዝ ያመጡ ነበር፤ ባቡሩ ሲበላሽ ሳይመለሱ ያድራሉ። የቀረነውን ሕፃናት የምትይዘው አዴ አሚና ነበረች። ከፍ ስንልም እኔና አብዲ ከአንድ ሳህን እየተሻማን በላን። ያኔ ወንድምሽ ነው ቢሉኝ ግድም አይሰጠኝም ነበር። አሁን ግን እወደዋለሁ፤ እህቱ መሆን አልፈልግም።

አዴ አሚናን በሯ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ በድምፄ ለየችኝ።

«ነጃት! ወላሂ አንቺ ነሽ? ነይ፣ ነይ ሆዮ፣ ልጄ!»

ሻሂ በወተት ቀዳችልኝ። ዙሪያውን ዞሬ ዞሬ ጠየቅኳት።

«አዴ፣ እናቴ ስትሄድ ያጠባሽኝ አንቺ ነሽ?»

«ታዲያ ማን ሊያጠባሽ? ጡቴን ነክሰሽኝ ስጮህ ሰፈሩ በሙሉ ሰምቷል!»

«አብዲንስ?»

«አብዲን? ወላሂ ስንት ወር! አንቺ በዚህ፣ እሱ በዚህ» አለችና ሁለቱን ክንዶቿን አጠፈች። ፊቷ በራ። «ዛሬ ምን አስታወሰሽ?»

ልንጋባ እንደሆነ ነገርኳት። ብርጭቆዋን አስቀመጠች። እጄን ያዘች።

«አላጠባሁትም።»

«አዴ፣ አሁን እኮ...»

«አርጅቻለሁ ልጄ። እሱን አይደለም፣ ታላቅ ወንድሙን ጀማልን ነው። አብዲ የዱቄት ወተት ነው የጠጣው። ሀዬ፣ በቃ፣ ሂጂና ንገሪያቸው።»

«ወላሂ በይኝ።»

«ሻሂው በረደ፣ ጠጪ» አለች።

መልስ

ስመለስ በሚኒባሱ መስኮት በኩል ያየሁትን አላስታውስም። የተሳሳተችው መጀመሪያ ነው ወይስ በኋላ? የእርጅና ነገር ነው፣ ጀማልን ከአብዲ ቀላቅላው ይሆናል እላለሁ። መልሼ ደግሞ የበራ ፊቷ ይመጣብኛል። አንዴ ደስ ይለኛል፣ አንዴ እንባዬ ይመጣል። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ «አመመሽ እንዴ?» ብለው ውሃ ሰጡኝ።

አብዲ በራችን ላይ ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለች?»

«አላጠባሁትም አለች።»

«አልሐምዱሊላህ!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየው፤ ሳቁን ተወ። «ሌላስ ምን አለች?»

እዚያው ዝም ብል ኖሮ ነገሩ በሰላም ያልቅ ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኩት።

«ምነው ባልነገርሽኝ» አለ።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይህን ብቻ ነው፦ አዴ አሚና ለእኔ ስትል ዋሽታ ይሆናል፤ እኔ ግን ለአብዲ ስል መዋሸት አልቻልኩም። የቱ የበለጠ መውደድ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም።