የጮቄው ነብርና አበጀ

ኅዳር ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ሣሩ በውርጭ የሚነጣበት ጊዜ። የምንኖረው ብቸና ነው። ከሞጣ በላይ፣ ከጮቄ ሥር ያሉ ገበሬዎች ነብር በጎቻቸውን ቢፈጅባቸው አዳኝ መሆኔን ሰምተው «ድረስልን» ብለው ላኩብኝ። የሄድኩት ከባለቤቴ ወንድም ከአበጀ ጋር ነው። አበጀ ዓባይ በረሃ ማሽላ እያረሰ የኖረ፣ ጉልበቱ የማይዝል ሰው ነበር። ደጋ ግን አያውቅም።

ሳናርፍ ወጣን። በማግስቱ ጅብራው፣ ያ ረጅሙ የውርጭ አገር ተክል፣ የሚበቅልበት ከፍታ ደረስን፤ ከዚያ በላይ ጓሳ ሣር፣ ድንጋይና አልፎ አልፎ የአስታ ቁጥቋጦ ብቻ ነው። አበጀ ግንባሩን ይዞ ተቀመጠ። «ራሴ ሊፈነዳ ነው» አለኝ።

«ብርድ ነው፣ ይለቅሃል» አልኩት።

የቀመሰውን ሁሉ አስመለሰው። ዋሻ ውስጥ አደርን። በሦስተኛው ቀን እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ሳሉም ፋታ አልሰጠው አለ። «ወንድሜ፣ እንውረድ። አየሩ አልበቃኝ አለ» ብሎ ለመነኝ። እኔ ደግሞ የዚያን ዕለት ጭቃ ላይ ትኩስ ዱካ አግኝቻለሁ፤ ጥፍር የማይታይበት፣ ክብ፣ መዳፌን የሚያህል። «ለሳልህ ብዬ ነብር ልልቀቅ?» አልኩት። አዎ፣ በዚህ አፌ።

ረፋድ ላይ ነብሩ ከአስታው ቁጥቋጦ ብቅ አለ። ተኮስኩ፤ ወገቡን መታሁትና ቁጥቋጦው ውስጥ ገባ። ልጆች፣ ነብር አቁስሎ ጥሎ መሄድ የለም፤ ያገኘውን ሰው ይጨርሳል። አበጀን ቋጥኝ አስደግፌ ደሙን ተከተልኩ። ጥቂት እንደሄድኩ የደሙ ፍንጣቂ ወደ ኋላ ዞረ። ወደ አበጀ ነው የሚመለሰው! ሮጥኩ። አበጀ ይስላል፣ ነብሩ በሆዱ እየተሳበ ወደ ሳሉ ይጠጋል። ጮኽኩበት። ዞሮ ዘለለብኝ። ጠመንጃው ደረቱ ላይ ጮኸ እንጂ ማነጣጠሩንስ አላስታውስም። ግራ ክንዴን፣ ይኸውላችሁ እዩት፣ እስከ አጥንቱ ዘንጥሎት ወደቀ።

አበጀ ይህን ሁሉ አላየም። ከንፈሩ ጠቁሯል፣ አፉ ዳር ደም የነካው አረፋ አለ። ስልኬ ኔትወርክ የለውም። በአንድ እጄ ደግፌ፣ አዝዬ፣ እየወደቅኩ ወረድኩ። ገበሬዎቹ ቃሬዛ ይዘው ተቀበሉን። መኪና መንገድ ሳንደርስ አረፈ።

ሞጣ ላይ ክንዴን የሰፋልኝ ሐኪም የሆነውን ስነግረው፣ «ከፍታው ነው፤ ሳንባው ውሃ ሞልቶ ነው። ራሱን ሲያመው ወዲያው ዝቅ ብትሉ ኖሮ ምናልባት ይተርፍ ነበር» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ አብሮኝ የወጣ ሰው «አመመኝ» ካለ፣ ዱካው እግሬ ሥር ቢሆን እንኳ እመለሳለሁ። እናንተም ተመለሱ። ነብር ሌላ ቀን ይገኛል።

ያኔ ግን፣ ከቤታችን ለቅሶተኛው ሲበተን ባለቤቴ ለብቻዬ ጠራችኝ። «ወንድሜ አሞኛል አላለህም ነበር?»

«አላለም፤ ድንገት ነው» አልኳት።

አመነችኝ። ክንዴ እስኪሽር ድረስ ቁስሉን በየጠዋቱ ያጠበችልኝ እሷ ናት።