የሰፊዋ ሟች

ልብስ ሰፊዋ ከአውቶቡስ ስትወርድ ባሏ በሕይወት ነበር፤ ጤናውም እንከን አልነበረበትም። ይህን ከመጀመሪያው መናገር ያስፈልጋል፤ ከዚያች ቀን በኋላ በትንሿ ከተማ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ከእሷ በቀር አንድም ሰው አልነበረምና።

ባልየው የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ አጠገብ ተቀምጦ «ቀስ!»፣ «መስታወት እይ!»፣ «ፍሬን!» ሲል ይውልና እቤቱም ገብቶ ያንኑ ይቀጥላል። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ አያያዟን ያርማታል፣ ልብስ ስትተኩስ የካውያ አያያዟን ያርማታል፣ እንግዳ ፊት ጨዋታ ከጀመረችም መጨረሻውን ነጥቆ እሱ ይናገርላታል። አይማታም፣ አይሰክርም፣ ሌላ ሴት ቀና ብሎ አያይም። እናቷ «ታዲያ ምን ጎደለሽ?» ባሏት ቁጥር መልስ ያጥራት ነበር። ብዙ ዓመት እንዲህ ከኖረች በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ «እኔ ሄድኩ» አለችው። እሱ ከጋዜጣው ቀና ሳይል «በሩን ስትዘጊው ወደ ላይ ብድግ አድርጊው፤ ካለዚያ አይገጥምም» አላት። ብድግ አድርጋ ዘጋችውና ወጣች።

መናኸሪያ ስትደርስ መጀመሪያ የሚነሣው አውቶቡስ ላይ ወጣች። ለመንገድ የለበሰችው እድፍ የማይታይበት ጥቁር ቀሚሷን ነው። መንገድ ላይ አንዱ ተሳስቶ ሻንጣዋን ይዞባት ስለወረደ፣ ያላት ልብስ እሱ ብቻ ሆነ።

የሚከራይ ክፍል ጠይቃ ወደ አንዲት ሴትዮ ቤት መሯት። አከራይዋ ደልደል ያሉ፣ አንጀተ ቡቡ፣ ወሬም የማይጠሉ ናቸው። ጓሮ በኩል ያለችውን ጠባብ ክፍል እያሳዩአት፣

«ባልሽስ፣ ልጄ?» አሏት።

«የለም» አለች።

እዚህ የለም፣ አብሮኝ አልመጣም ማለቷ ነበር። ሴትዮዋ ግን ጥቁር ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አዩትና ሁለት እጃቸውን ደረታቸው ላይ ጣል አደረጉ።

«ውይ በሞትኩት! ነፍስ ይማር! በዚህ ዕድሜሽ?»

ሰፊዋ ልታስረዳ አፏን ከፈተች።

«ተይ፣ አታውሪው። ማውራቱ ነው የሚከብደው» ብለው እጇን ይዘው ከጓሮዋ ክፍል አወጧትና ፊት ለፊት ያለውን፣ ፀሐይ የሚገባበትን ሰፊውን ክፍል ሰጧት።

ነገ እነግራቸዋለሁ ብላ ተኛች። ነገ ሲመጣ ግን ከተማው በሙሉ ሰምቷል።

ከተማዋ እንግዳ ጠባይ ነበራት። ሰው በስሙ አይጠራም፤ በቦታው ነው የሚጠራው፤ ለአንዱ ቦታ ደግሞ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ ቋጣሪ አለ፤ መድኃኒት ሻጩ ነው። አንድ ሟርተኛ አለ፤ ፖስታ ቤት ነው የሚሠራው። አንድ ሰካራም አለ። ይህ ሰካራም ሐኪም መክሮት መጠጥ ባቆመ ጊዜ ከተማው ግራ ተጋብቶ፣ ሰላም የሚለው ሰው ጠፍቶ፣ ብቸኝነቱ ሲበዛበት ተመልሶ ጀመረ ይባላል። የከተማዋ ባል የሞተባት ሴት ግን አንድ የጭነት መኪና ሾፌር አግብታ ከሄደች ወዲህ ቦታው ክፍት ነበር። ሰፊዋ ሳታመለክት ተቀጠረች።

ሥራው ደግሞ አልከፋም። ዳቦ ቤት ሰልፍ ላይ አሳልፈው ያስቀድሟታል። ሐዘን ያገኘው ቤት ሲሄዱ ፊት ያስቀምጧታል። ከሁሉ በላይ ግን ስትናገር እስክትጨርስ ይጠብቋታል። መጀመሪያ ሰሞን ግማሽ ላይ ስትደርስ የሚነጥቃት ያለ እየመሰላት ዝም ትል ነበር። እነሱም ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ያኔ ነገሩን መጨረስ የእሷ ፈንታ መሆኑ ቀስ በቀስ ገባት።

መንገድ ዳር ባለችው ሱቅ የስፌት መኪና ተከራይታ መሥራት ስትጀምር ሴቶቹ ልብስ ሊለኩ እየመጡ፣ ወገባቸው ላይ መርፌ እንደተሰካ፣ «ለመሆኑ ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ይሏታል። ለሞተ ሰው ክፉ አይወራም። በሕይወት ላለው ቢሆን የምትለው ሞልቷት ነበር።

«ዝምተኛ ነበር» አለች መጀመሪያ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። በሌላ ቀን «ያዳምጠኝ ነበር» አለች። ሌላ ቀን ደግሞ እንዴት እንዳመለጣት እንጃ፣ «ስደክም ሰሃኑን እሱ ነበር የሚያጥበው» አለች። በዚያ ሳምንት በስንቱ ቤት ጠብ ተነሣ።

«ከሕያው ወንድ ጋር ቢሆን ተፎካክረን እናሸንፍ ነበር» እያለ ያማርር ጀመር ፀጉር አስተካካዩ። «ከሞተ ሰው ጋር ግን ምን ይደረጋል? አይሳሳት፣ አያረጅ!» ቢያማርርም ሰሃን ማጠብ ጀምሯል።

እሷም ብትሆን ሟቹን ለመደችው። አንዳንዴ ክር እየቆረጠች አንድ ሁለት ነገር ታጫውተዋለች፤ አይመልስም፣ አያርማትም። አንድ ቀን የምር ናፍቋት አለቀሰች፤ ደንግጣም ዕንባዋን በተጣለ እራፊ ጠረገች።

እንዲህ ሲሆን ሲሆን ከረመና አንድ ቀን ባልየው ራሱ ከች አለ። አድራሻዋን ያወጡለት እናቷ ናቸው። ደህና መስዬ ልቅረባት ብሎ መጀመሪያ ጢሙን ሊላጭ ወደ ፀጉር አስተካካዩ ገባ። ገብቶም ወንበሩ ዝቅ ይበል፣ አረፋው ቀጠን ይበል፣ ምላጩ ጋደም ይበል እያለ ሲያዝ ቆየና በመሐሉ «እዚህ አንዲት ሰፊ አለች አይደል? ባሏ ነኝ» አለ።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አስቀመጠ።

«ጌታዬ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ባሏን በደንብ እናውቃቸዋለን። ዝምተኛ ሰው ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎ ከገቡ ወዲህ አፍዎ አልተዘጋም።»

«ምን? ማነው የሞተው?»

 ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ በአረፋ እንደተለወሰ ፀጉር አስተካካዩ እጁን ይዞ ወደ ሰፊዋ ሱቅ ወሰደው። አከራይዋና አላፊ አግዳሚው ተከተሉ።

«ይህን ሰው ታውቂዋለሽ፣ ልጄ?» አሉ አከራይዋ። «ባሏ ነኝ ይላል።»

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ። ሰፊዋ አየችው። ከስቷል፤ የሸሚዙ ቁልፍ አንዱ ወልቋል። አላውቀውም ልትል አልጨከነችም፤ ባሌ ነው ለማለትም ድፍረቱን አጣች።

«የባሌ ወንድም ነው» አለች።

«እኮ!» አለ ሕዝቡ በአንድ አፍ። «ሐዘን አናውጦት ነው እንጂ!» ፀጉር አስተካካዩ ተጸጽቶ አቀፈው፤ አረፋው ትከሻው ላይ ቀረ። ባልየው ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ግን አንዷ «አይዞህ» ስትለው፣ ሌላዋ «እግዜር ያጥናህ» ስትለው ተራ ሳያገኝ ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በሕይወቱ ደርሶበት አያውቅም።

ሰው ሲበተን በሩን ዘጋችው።

«ገደልሽኝ?»

«እኔ የለም አልኩ እንጂ ሞተ አላልኩም።»

«ሂጂና አሁኑኑ ንገሪያቸው!»

«አንተው ንገራቸው። አሁን ነግረሃቸው የለ?»

ባልየው በማግስቱ ለመሄድ ቆርጦ ነበር፤ ግን ሊያጽናኑት የሚመጡት አላስወጡትም። አንዱ የሟቹን ትዕግሥት፣ ሌላው ትሕትናውን እያነሣ፣ «እንዲህ ያለ ወንድም አጥተህ እንዴት ቆምክ?» ይለዋል። መጀመሪያ ተናደደ፣ ቀጥሎ ሆድ ባሰው፣ በመጨረሻ በሟቹ ቀና።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አላት።

«አንተ ነህ።»

«እኔ ሰሃን አጥቤ አላውቅም!»

«አውቃለሁ። ሰሃንህንም ስምህንም ያጠብኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ በኋላ መሄዱን ሲያራዝም፣ ሲያራዝም፣ ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለችውን ክፍል ተከራየ። ከተማዋ መኪና መንዳት የሚያስተምር ሰው አልነበራትም፤ የሟቹ ወንድም የሚባልም አልነበራትም። ሁለቱንም ቦታ ያዘ። ቋጣሪው መድኃኒት ሻጭ የመጀመሪያ ተማሪው ሆነ። እሑድ እሑድ ሰፊዋ ዘንድ ይመጣል፤ ለባል ወንድም እንደሚገባው በር ያንኳኳል፣ ግባ ሳትለው አይገባም፣ ስትነግረው አፉን በመዳፉ ይዞ ያዳምጣል። አንዳንዴ ያመልጠውና «እንደሱ አይደለም…» ብሎ ይጀምራል፤ ወዲያው ሟቹ ትዝ ሲለው ያቆማል።

እንዲህ ሲቆይ አንድ እሑድ «እባክሽ እውነቱን ንገሪያቸውና እንደ ሰው አብረን እንኑር» አላት። ብዙ አሰበችበት። በመጨረሻ አከራይዋ ዘንድ ሄዳ፣ ከበሩ አገጣጠም ጀምሮ እስከ ወንድምነቱ ድረስ አንዲት ሳታስቀር ነገረቻቸው። እሳቸውም እንደ ከተማው ወግ እስክትጨርስ ጠበቁ።

«ይህን ሌላ ሰው ሰምቷል?»

«ከእርስዎ በቀር ማንም።»

«እንግዲያው እዚሁ ይቅር። ለዚህ ሰውዬ ብለሽ ያንን የመሰለ ሰው ታዋርጂዋለሽ? ስንት ትዳር ነው በእሱ የቆመው!» ጥቂት አሰቡና ድምፃቸውን ለዘብ አደረጉ። «ወንድምየውን ማግባት ካማረሽ ግን ማንም አይቀየምሽም። የሟቹን ጣት ባያክልም ሰውዬው ክፉ አይደለም።»

የተባለችውን ሄዳ ነገረችው። ባልየው መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጉሮሮውን ጠራረገና ከወንበሩ ተነሥቶ ሸሚዙን አስተካከለ።

«እና፣ ብጠይቅሽ እሺ ትይኛለሽ?»

ሰፊዋ ሱሪ ትሰፋ ነበር። መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ለረጅም ጊዜ አየችው።

«እስቲ ጊዜ ስጠኝ» አለችው። «ገና ሐዘን ላይ ነኝ።»

ቀልዷን ይሁን የምሯን እሷም አላወቀችውም። እሱ ግን ኮፍያውን አንሥቶ፣ «እግዜር ያጥናሽ» ብሏት ወጣ፤ በሚቀጥለውም እሑድ ተመልሶ መጣ።