መዶሻ ሲቆም የሚነቃው ልጄ

ሌላው ሰው ልጁን እሹሩሩ ብሎ ያስተኛል። እኔ ያስተኛሁት በርሜል እየቀጠቀጥኩ ነው። ሱቄ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ነበረች፤ ሱቅ ካሏት። አሮጌ በርሜልና የዘይት ጣሳ እየቆረጥኩ ማንደጃና ባልዲ እሠራለሁ። ልጄ ከኋላዬ ጆንያ ላይ ይቀመጥና ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጥቶ ይወዛወዛል። እኔ ስቀጠቅጥ እሱ ያንቀላፋል። ለምሳ መዶሻዬን ሳስቀምጥ ብድግ ብሎ ይጮሃል። አንድም ቃል ተናግሮ አያውቅም፤ ያ ጩኸት ብቻ ነበር ያለው። «ኧረ ጌታዬ፣ ምሳ እንኳ ልብላ!» እለው ነበር።

እኩዮቼ ልጆቻቸውን ለሥራ አድርሰው ነበር። አንዱ ሾፌር ሆነ፣ አንዱ ጨርቅ ይሸጣል። እኔንም «ያንተውስ ምን ይሠራል?» ይሉኛል፣ እያወቁ። «ይጮሃል፣ አይሰማህም?» ብዬ እዘጋቸዋለሁ። ከዚያ በኋላ ሥራዬን የምሠራው ጥርሴን ነክሼ ነው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ሰፈሩ ከኋላዬ የሚያወራውን ከሁሉ መጨረሻ የሰማሁት እኔ ነኝ። «የገዛ አባቱ መዶሻ ነው ጭንቅላቱን ያዞረው» ይሉ ኖሯል። እኔ መቼም ስናደድ አያድርስ ነው፤ ያን ቀን የአንዱን ባልዲ አንስቼ መንገድ መሀል ወረወርኩት። ማታ ጋደም ብዬ ሳስበው ግን ነገሩ ሆዴ ገባ። ሐኪሙ «አእምሮው እንደ ዕድሜው አላደገም» ከማለት በቀር ምክንያቱን አልነገረንም። ሚስቴ ያላደረሰችው ጠበል የለም። ምክንያት ያጣ ሰው ያገኘውን ይይዛል፤ እኔም መዶሻዬን ያዝኩ። ድምፁ ሱስ ሆኖበታል፣ ሱሱን ቢተው ይሻለዋል ብዬ አመንኩ። መዶሻውን ከተውኩት ደግሞ ምን እንበላለን?

ቢደክመንም እንደዚያው እንኖር ነበር። ያላኖረን ቁመቱ ነው። ዕድሜው ለአሥራ ስድስት ሲቃረብ ተመዘዘ፤ ከከንፈሩ በላይ ጠቆር ጠቆር አለ። ያን ጊዜ መርካቶ ውስጥ ረጅም ልጅ መውለድ መከራ ነበር። አፈሳ መጣ ይባላል፤ የጭነት መኪና አውቶቡስ ተራ ወይም ሲኒማ ራስ ጋ ይቆማል፤ ወጣት የመሰለውን ሁሉ ለቃቅሞ ወደ ጦርነቱ ይነዳል። እናቶች ልጆቻቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ሲደብቁ አይቻለሁ።

አንድ ቀን ቆርቆሮ ፍለጋ ስወጣ፣ መዶሻው ሲቆምበት ጊዜ ተነስቶ ተከትሎኝ ኖሯል። አንዱ ጎረቤቴ ነጋዴ እየሮጠ መጥቶ «ጋሼ፣ ልጅዎን ሲኒማ ራስ ጋ ጫኑት!» አለኝ። እንዴት ሲኒማ ራስ እንደደረስኩ አላውቅም። መኪናው ላይ ከልጆቹ ሁሉ ራሱ ብቅ ብሎ አየሁት። የገዛ እጁን ነክሶ ደሙ በክርኑ ይወርዳል።

«ጓድ፣ ይህ ልጅ ሕመምተኛ ነው፤ መናገር አይችልም» አልኩት ልጆቹን የሚያስጭነውን ካድሬ።

«ዛሬ ያልታመመ ማን አለ? ሲያዝ ሁሉም ዲዳ ይሆናል።»

እኔ ቁጡው፣ ባልዲ ወርዋሪው፣ እግሩ ላይ ወደቅኩ። መዶሻህ አጀዘበው እያሉ ሲያሙኝ የነበሩት ሁሉ ከኋላዬ ሆነው «እውነት ነው፣ ሕመምተኛ ነው!» እያሉ ጮሁልኝ። እግዜር ይስጣቸው። ካድሬው ሲያወርደው በጆሮዬ እንዲህ አለኝ፦ «ሽማግሌ፣ ጥይት ለመሸከም ምላስ አያስፈልግም። ሁለተኛ እዚህ እንዳላየው።»

ከዚያ ወዲያ ቤት ውስጥ ዘጋንበት። ሚስቴ በሩ ላይ ተቀምጣ ትውላለች፤ እሱ በሩን ይደበድባል። ሲያርስ እንደዋለ በሬ ደክመን ስናድር፣ ከአብነት ሰፈር ወዲያ እንደሱ ያሉ ልጆች እያደሩ የሚታከሙበትና የሚማሩበት ግቢ እንዳለ ሰማን። አፈሳ እዚያ አይገባም ተባለ። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የፈለግኩት ከአፈሳ መሸሸጊያውን ነው፤ ሕክምናውን ሁለተኛ ነው ያሰብኩት።

የግቢው ኃላፊ ጠጉራቸው ሸበት ያለ፣ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። አዙረው አሳዩን። አንዲት ኮረዳ የሹራቧን ቁልፍ ለመቆለፍ ትታገላለች፤ አጠገቧ የተቀመጠችው አሳዳጊ አትረዳትም፣ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ልጅቱ ቁልፉን ስታስገባው ሁለቱም ሳቁ። ሚስቴ ዞር ብላ እንባዋን ጠረገች።

«እዚህ ዋናው መድኃኒታችን ጸጥታ ነው» አሉ ኃላፊዋ።

«አፍዎን ይባርከው! የኔ ልጅ የተበላሸው በጫጫታ ነው፤ ድምፅ የሚባል እንዳይሰማብኝ» አልኳቸው።

«አንድ ወር እንየው እንግዲህ። ሌሎቹን የሚያውክ ከሆነ ግን መልሰው ይወስዱታል። በር ላይ የሚጠብቅ ብዙ ነው።»

እንዳይከተለኝ በጓሮ በር ወጣሁ። የወለደ አልጸደቀ አሉ።

እሑድ እሑድ እየሄድን እንጠይቀው ነበር። በየሳምንቱ የባሰበት ሆኖ እናገኘዋለን። መኝታውን ከሁሉ ራቅ ወዳለው ክፍል አዛወሩለት፤ መስኮቱን በብርድ ልብስ ጋረዱለት፤ እንዳይንኳኳ የቆርቆሮ ሳህኑን በፕላስቲክ ለወጡለት። ሰዎቹ ምንም አልሰነፉም። እሱ ግን አይተኛም፣ አይበላም፤ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር ያጋጫል። «ሱስ ሲለቅ እንዲህ ነው፤ ታገሡት» እላለሁ እኔ፣ አዋቂው።

«አንተ ሰውዬ፣ ልጄ እኮ እያለቀ ነው» አለችኝ ሚስቴ አንድ ቀን፣ ስንመለስ።

ወሩ ሳይሞላ መጥታችሁ ውሰዱት የሚል መልእክት መጣ። ከሥራ በቀጥታ፣ የዕቃ ከረጢቴን እንዳንጠለጠልኩ ሄድኩ። ምናለሽ ተራ ትተኸው የሄድከውን መዶሻ ሲመሽ ራስህ ነህ የምትገዛው።

በር ላይ ከሚስቴ ጋር ተገናኝተን ግቢው ስንገባ ግንባሩ ግድግዳውን ሲመታ ከሩቅ ይሰማል። ድው። ድው። ኃላፊዋ ወንበር ሰጡን።

«ልጆቹ እንቅልፍ አጡ። ያላደረግነው የለም፤ አልቻልንም። ይቅር ይበሉኝ።»

«እትዬ፣ ከዚህ ካወጡት የሚጫነው የአፈሳው መኪና ላይ ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «የሌሎቹም እናት እኔው ነኝ እኮ።» ልብሱን ሊያስጠቀልሉ ሄዱ።

ማድ ቤቱ በር ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። አጠገቤ ጎኑ የተጎደጎደ ትልቅ ድስት ተደፍቷል። እኔ እጄ ሥራ ሲፈታ ቁጣዬ ይብሳል፤ ወይ ያን ድስት እመታለሁ፣ ወይ ሰው እመታለሁ። መዶሻዬን አወጣሁና ድስቱን መታሁ። የመጀመሪያዎቹ የንዴት ነበሩ። ከዚያ እጄ ሥራውን ያውቃልና ጉድጓዱን ከውስጥ ወደ ውጭ ማቅናት ጀመረ። አንዷ አሳዳጊ «ኧረ በማርያም፣ ጸጥታ!» እያለች ስትሮጥ መጣች። ፈርቼ መዶሻዬን አቆምኩ።

«አታቁም!» አለች ሚስቴ።

«ምን?»

«አታቁም አልኩህ! ስማ እስቲ!»

ግድግዳው ዝም ብሏል። እኔ ስጀምር ነው ዝም ያለው፤ አሁን መዶሻው ሲያርፍ እንደገና ድው አለ። መታሁ። እሱ ተወ። መታሁ፣ መታሁ። በሩ ሲጥ ሲል ሰማሁ። ልጄ በባዶ እግሩ፣ ግንባሩ አብጦ፣ ግቢውን አቋርጦ መጣ። አላየኝም፤ መቼም የሰው ዓይን አያይም። ዞሮ ከኋላዬ መሬቱ ላይ ተቀመጠና ጀርባውን ለጀርባዬ ሰጠኝ። ትንሽ ተወዛወዘ። ከዚያ ክብደቱ ሁሉ እኔ ላይ ወደቀ፤ ተኝቷል።

ኃላፊዋ የልብሱን ጥቅል እንደታቀፉ ቆመዋል። «ስንት ሌሊት እንዳልተኛ ቢያውቁ» አሉ በሹክሹክታ። ክንዴ ዝሏል፣ ማቆም ግን ፈራሁ። በሽታው ነው ብዬ ያራቅኩበት ነገር እንቅልፉ ኖሯል። እያለቀስኩ ቀጠቀጥኩ። እያለቀሰ የሚቀጠቅጥ ሰው ደግሞ መዶሻው ጣቱን ያገኘዋል፤ አገኘኝም።

ሴትዮዋ ጥቅሉን ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። «እኔም እርስዎም በጸጥታችን ልንገድለው ነበር» አሉ። «በሉ፣ ማታ ማታ እየመጡ፣ ሌሎቹ እንዳይታወኩ ከማድ ቤቱ ጀርባ ይቀጥቅጡለት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቀን መርካቶ እቀጠቅጣለሁ፤ ሲመሻሽ ሱቄን ዘግቼ ወደ ግቢው እሄድና እንደገና እቀጠቅጣለሁ። እግሬ ያብጣል፣ ክንዴ አልታጠፍ ይለኛል። የግቢው ድስት፣ ባልዲ፣ መታጠቢያ ሁሉ በአጭር ጊዜ ተቃና። ሥራው ሲያልቅብኝ ከማድ ቤቱ ጀርባ ደህናውን ድስት ራሴ እያጎደጎድኩ መልሼ አቃናው ጀመር።

«ጋሼ፣ ይኸንን ትናንት ያቃኑት አይደለም እንዴ?» ትለኛለች ወጥ ቤቷ።

«የዘንድሮ ድስት ምን አቅም አለው ብለሽ ነው!»

እጁን በእጄ ይዤ መዶሻ ማስጨበጤ የኃላፊዋ ሐሳብ ነው። መጀመሪያ ወረወረው፤ አንዴ እግሬን ሊሰብረኝ ነበር። አሳዳጊዋ ለኮረዳዋ ቁልፍ እንደታገሠችው እኔም ታገሥኩት፤ ለኔ ዓይነቱ ሰው ቀላል እንዳይመስላችሁ። ከመኝታ ቤቶቹ ራቅ ካለው ጥግ ጉቶ ተከልንለት፤ የተሰነጠቀ ጣሳ ከመርካቶ እያመጣሁ አስቀምጥለታለሁ። እሱ ዘርግቶ ጠፍጣፋ እስኪሆን ይመታዋል። ማንደጃ አልሠራም፤ አይሠራምም። የጠፈጠፈው ቆርቆሮ ግን ሱቄ ገብቶ ባልዲ ሆኗል። ብዙ ሰው በዚያ ባልዲ ውሃ ቀድቷል፤ አላወቀም እንጂ።

አንድ ቀን መሸት ሲል፣ እግሬን እየጎተትኩ ግቢው በር ስደርስ የመዶሻ ድምፅ ከውስጥ ሰማሁ። የኔ ምት አይደለም። ሁለቴ ይመታል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ይመታል። ልግባ ወይስ ትንሽ ልቁም ብዬ አመነታሁ። የቆርቆሮ አጥሩ ሥር ተቀመጥኩና ጀርባዬን ለቆርቆሮው ሰጠሁት። ምቱ በቆርቆሮው አልፎ ወገቤ ድረስ ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን አላስታውስም።

የቀሰቀሰኝ ዘበኛው ነው።

«ጋሼ፣ መሽቶብዎታል እኮ። ልጅዎን ልጥራልዎት?»

አዳመጥኩ። አሁንም እየመታ ነው።

«ተወው» አልኩት። «ሥራ ላይ ነው።»