ቀኙ ጥቁር፣ ግራው ቀይ

አባቴ ቁም ጸሐፊ ናቸው። ከይጁቤ ወጣ ብሎ ባለው ቤታቸው፣ ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ብራና ሲጽፉ ኖረዋል። እኔም ጸሐፊ ነኝ፤ የእኔ ጽሕፈት ግን ሌላ ነው። ደብረ ማርቆስ፣ ከፍርድ ቤቱ በር ፊት ለፊት፣ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የሚንጫጫ ፕሪንተር ይዤ ለባለጉዳይ ክስና ማመልከቻ እጽፋለሁ። "እኔ አንድ ገጽ በምጽፍበት ቀን ልጄ አሥር ሰው ታጣላለች" ይላሉ አባቴ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር።

በብራና መጽሐፍ የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል፤ የቀረው በጥቁር። ስለዚህ አባቴ መደቡ ላይ በተፈለፈሉ ሁለት ጉድጓዶች ሁለት የቀለም ቀንድ ይተክላሉ፤ በቀኝ የጥቁሩን፣ በግራ የቀዩን፣ ብርዖቻቸውንም በየጎናቸው። ቀንዶቹ ከአንድ በሬ የወጡ ስለሆኑ ቁመታቸውም ውፍረታቸውም አይለይም። ስሙ ላይ ሲደርሱ ጥቁሩን ብርዕ ያስቀምጣሉ፤ ከንፈራቸውን ትንሽ ያንቀሳቅሳሉ፤ ከዚያ የቀዩን አንሥተው ይጽፋሉ። ልጅ ሆኜ እዚያ ላይ ሲደርሱ እኔም ትንፋሼን እይዝ ነበር። የተሳሳተ ፊደል በቢላ ይፋቃል። የአባቴ ቢላ ግን ሥራ ፈትቶ ይዝግ ነበር።

ሳል ሲጠናባቸው ደብረ ማርቆስ አምጥቼ አንድ የግል ክሊኒክ ወሰድኳቸው። የሳንባ ነቀርሳ ነው ተብሎ መድኃኒት ታዘዘላቸው። ክኒኑን የጸሎት ሰዓታቸውን በሚያከብሩት ልክ አክብረው ዋጡ። ሳሉ ለቀቃቸው፤ ፊታቸውም ሥጋ ያዘ። ለክትትል በየወሩ ሲመጡ ክሊኒኩ በር ላይ አድርሻቸው ወደ ሥራዬ እሮጥ ነበር። አብሬያቸው ባለመግባቴ ዛሬም ራሴን እረግማለሁ።

ከጥምቀት በፊት ባለው ሰሞን ቀዩ ቀለም ይጠቁርባቸው ጀመር። ለእኔ አልነገሩኝም፤ ልጅ ማስጨነቅ አይወዱም። ለሐኪሙ ግን ነገሩት። እሱም "ዕድሜ ነው አባት፤ ብቻ መድኃኒቱን እንዳያቋርጡ" ብሎ መለሳቸው። ካርዳቸው ላይ አንዲት ቃል አላሰፈረም። አባቴ እንደ ታዘዙት መድኃኒቱን ቀጠሉ፤ ብራናውንም ቀጠሉ። ዓይናቸው ባይለየውም ቀኝና ግራቸውን ያውቃሉ፤ ቀኙ ጥቁር፣ ግራው ቀይ።

ለጥምቀት ሄድኩላቸው። እኔ እንደ ሁልጊዜዬ አመድና አቧራ ሳይ አልችልምና ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ቤቱን ገለባበጥኩት። መደቡን ጠረግሁ፤ ቀንዶቹን ነቅዬ ከውጭ ወለወልኩ፤ መልሼ ተከልኳቸው፤ ብርዖቹንም አጠገባቸው ደረደርኩ። አባቴ ታቦት ለመሸኘት ወጥተው ነበር። ሲመለሱ "ቤቴን ቤተ መንግሥት አደረግሽው" ብለው መረቁኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

ከዚያ በኋላ ሳምንት እንኳ ሳይሞላ ፊደሉ ራሱ ይሟሟባቸው ጀመር። በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ጥራዝ ሳይጨርሱ ብርዕ አስቀመጡ። እኔ የሰማሁት ሁዳዴ ከገባ በኋላ፣ ጎረቤት ደውሎልኝ ነው። ባሕር ዳር ወስጄ ያሳየኋቸው የዓይን ሐኪም ብዙ ጠየቀቻቸው፤ የመድኃኒቱንም ወረቀት አየች። ከሚወስዱት አንዱ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ነርቭ እንደሚጎዳ፣ ብዙ ጊዜም መጀመሪያ የሚደበዝዘው ቀይ ቀለም እንደሆነ ነገረችን። "ያን ጊዜ ተናግረው ቢሆን ኖሮ…" ስትል አባቴ አቋረጧት። "ተናግሬያለሁ ልጄ" አሏት።

ያን ቀን የተሰማኝን ንዴት አሁንም ሳስበው ጥርሴ ይንቀጫቀጫል። ለማንም ጽፌ የማላውቀውን ዓይነት ክስ ለአባቴ ጻፍኩ። ሳነብላቸው "ከሳሽ ሙሉ በሙሉ ታውረዋል" የሚለው ላይ እጃቸውን አነሡ።

"ማን ነው የታወረው? በር ላይ የቆመ ሰው፣ ሰው መሆኑን አያለሁ።"

"አባዬ፣ ክስ እንዲህ ነው የሚጻፈው።"

"እንግዲያው በእኔ ስም አይጻፍ። ያየሁትን አየሁ፣ ያላየሁትን አላየሁም በይ።"

ሰረዝኩት። ንድድ እያልኩ ነው የሰረዝኩት፤ በልቤ ግን እንደ እኚህ ያለ ደንበኛ ገጥሞኝ አያውቅም እያልኩ ነበር።

የክሊኒኩ መልስ መጣ። ሕመምተኛው ስለ ዓይናቸው አንድም ቀን አላመለከቱም፤ ካርዱ ንጹሕ ነው፤ ዓይናቸውን የጎዳው ዕድሜና የብራና ሥራ ነው ይላል። እዚያ በር ላይ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ የሚሸነፍ መዝገብ ሳይ አውቀዋለሁ። መናገራቸውን ካላስረዳን አለቀልን።

ይህን ስነግራቸው አባቴ ምንም አልደነገጡም። "የነገርሁበትን ዕለት በብራናው ጠርዝ፣ ኅዳጉ ላይ ጽፌዋለሁ። መሪጌታው ጋ ሂጂና የመጨረሻውን ጥራዝ አምጪ" አሉኝ።

መሪጌታው አባቴ የጻፉትን እያረሙ በቤተ ክርስቲያኑ ዕቃ ቤት የሚያስቀምጡ፣ የዕድሜ ልክ ወዳጃቸው ናቸው። ጥራዙን በነጭ ጨርቅ እንደ ተጠቀለለ አምጥተው ሰጡኝ፤ ዓይኔን ግን አላዩኝም። ፈታሁት። የመጀመሪያው ገጽ ጠርዝ ላይ፣ በዚያች በማውቃት ደቃቅ ጽሕፈት፣ ዕለቱ ተጠቅሶ እንዲህ ይላል፦ "ዛሬ ቀዩ ጠቆረብኝ። ለሐኪሙ ነገርሁት፤ መድኃኒቱን ጨርስ አለኝ። እመቤቴ አትርሺኝ።" እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ገጹን ገለጥኩ።

የሚቀጥለው ገጽ ከላይ እስከ ታች ቀይ ነው። ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስቱም። በዚያ ሁሉ ቀይ መሐል የእመቤታችን ስም፣ የጌታም ስም፣ ጥቁር ሆኖ ተቀምጧል።

"የኔታ፣ ይህ ምንድን ነው?"

"እኔስ ምን ልበልሽ። ይህን ሁሉ ዘመን አርሜለት አንዲት ስም ስቶ አያውቅም። ምን አፍ አለኝና ልንገረው? ሸሸግሁት።"

"መቼ ነው የደረሰዎት?"

"ጥምቀት በዋለ በሳምንቱ።"

ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። የወለወልኳቸው ቀንዶች ትዝ አሉኝ። ለእኔ ቀዩ ቀይ፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው፤ የትኛው የት እንደ ነበረ ማን ልብ ብሎ! አቀያይሬ ተክያቸው ነበር። አባቴ ቀኛቸውንና ግራቸውን አምነው አራት ገጽ ጽፈዋል።

መቀስ አሰብኩ፤ አልዋሽም። ግን አንድ ቅጠል ብራና ነው፤ ፊቱ ማስረጃዬ፣ ጀርባው የአባቴ ውርደት። አንዱን ትቼ ሌላውን ማቅረብ አይቻልም። ጥራዙን ለፍርድ ቤቱ አስገባሁ፤ ስለ አራቱ ገጾችና ስለ ቀንዶቹ ግን ለአባቴ ትንፍሽ አላልኩም። ቀንዶቹን ማንም ያቀያይራቸው፣ ዓይናቸው ቀይ አለመለየቱ እውነት ነው እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። የክስ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ማጽናኛ አያጣም።

በቀጠሮው ቀን አባቴ ጥምጥማቸውን አሳምረው መጡ። መሪጌታው ጥራዙን መቼ እንደ ተረከቡ፣ የዓይን ሐኪሟም የምታውቀውን መሰከሩ። የክሊኒኩ ጠበቃ "እኚህ ሰው ቀይ እንደማይለዩ በምን ይታወቃል?" ብሎ ተከራከረ። ዳኛዋ ጥራዙን ገለጠችና አባቴን ወደ ፊት ጠራቻቸው።

"አባት፣ እዚህ ገጽ ላይ በቀይ የተጻፈውን ሊያሳዩን ይችላሉ?"

አባቴ ብራናውን ከአፍንጫቸው አስጠግተው የመጀመሪያዋን ቃል እንደ ምንም ለቀሙ። ከዚያ ወዲያ ዓይን አላስፈለጋቸውም፤ ንባቡን በቃላቸው ያውቁታል፤ ስሙ በየትኛው መስመር እንደሚያርፍም ጣታቸው ያውቃል። "ይኸው፣ የእመቤታችን ስም። ይኸው ደግሞ የልጇ" እያሉ አሳዩ። አንድም አልሳቱም። ጣታቸው ያረፈበት ሁሉ ግን ጥቁር ነበር።

"ሌላውስ?" አለች ዳኛዋ፣ ድምጿ ዝግ ብሎ።

"ሌላው ጥቁር ነዋ" አሉ አባቴ፣ በኩራት።

መዝጋቢው መጻፉን አቆመ። ጠበቃው እንኳ ወደ ወረቀቱ አቀረቀረ። አባቴ ቀና አሉ።

"ስቻለሁ እንዴ?" አሉ።

ማንም አልመለሰላቸውም። ስለ ቀንዶቹ የማውቀውን እኔም አልተናገርኩም።

"እንግዲያው ክቡር ፍርድ ቤት፣" አሉ ቀጥ ብለው፣ "የሳትሁትም ይመዝገብልኝ።"

ስንት ባለጉዳይ አይቻለሁ። የሚጎዳውን ነገር በራሱ አፍ ይመዝገብልኝ ያለ ሰው ግን አባቴን ብቻ ነው ያየሁት። ያን ቀን የእሳቸው ልጅ መሆኔ አኮራኝ፤ ዝም ማለቴ ደግሞ አሳፈረኝ።

ፈረዱልን። ሕመምተኛው በጊዜው መናገራቸው ተረጋግጧል፤ ክሊኒኩ ሰምቶ ዝም ብሏል፤ ካሣ ይክፈል ተባለ። ውሳኔውን ይጁቤ ድረስ ወስጄ፣ ስለ አራቱ ገጾች የሚለውንም ሳልዘል፣ ቃል በቃል አነበብኩላቸው። "እሰይ፣ ሌላው ሰው እንኳ ሲናገር ይሰሙታል" አሉ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ ሊያዩት የሚሞክሩ ይመስል ጎንበስ አሉበት።

"ዓይኔስ ይሂድ። እጄ ግን እንዴት ከዳኝ?"

ከዚህ በላይ መቻል አቃተኝ።

"አባዬ፣ ለጥምቀት የመጣሁ ጊዜ መደቡን ጠርጌው ነበር።"

"አዎ፣ መርቄሽ የለ?"

"ቀንዶቹን ነቅዬ ወልውዬ… ስመልሳቸው አቀያየርኳቸው። እርስዎ አይደሉም የሳቱት። እኔ ነኝ።"

ቁጣቸውን ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እጃቸውን ወደ ቀኙ ጉድጓድ ሰደዱ፤ ከዚያ ወደ ግራው፤ እንደገና ወደ ቀኙ።

"የቀኙን በግራ?"

"አዎ።"

"የግራውን በቀኝ? እርግጠኛ ነሽ?"

"እርግጠኛ ነኝ አባዬ። ይቅር ይበሉኝ።"

"ምኑን ነው ይቅር የምልሽ!" አሉ። እንባቸው በጉንጫቸው እየወረደ ይስቁ ነበር። "እንግዲያው እጄ አልሳተም!"

የፍርዱን ወረቀት መደቡ ላይ ትተውት ብድግ አሉ፤ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ፤ በሩንም ራሳቸው አገኙት።

"ነዪ፣ መሪጌታው ጋ ውሰጂኝ" አሉኝ። "ይህን እኔው ራሴ ነኝ የምነግረው።"