ትራሱ ውስጥ የተሰፋው ወረቀት

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቶሎ ገባና መውጫው ጠፋው። ቆርቆሮው ከጠዋት እስከ ማታ ይንጫጫል፤ አንድ ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ሰዎች ለመነጋገር ይጯጯሃሉ፤ ጥጡ ፀሐይ ሳያይ ከርሞ ቤቱ ሁሉ እርጥብ እርጥብ ይሸታል። ትራስ ለሚሰፋ ሰው ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። እርጥብ ጥጥ ከገባበት ትራሱ በሁለተኛው ወር ይጓጉላል፤ ገዢው ታቅፎት ይመጣና ስድቡን ደጅ ላይ ያራግፈዋል። ትራስ ሰፊዋ ግን ያንን ክረምት የምታስታውሰው በጥጡ አይደለም። ሆዷ ገብቶ አልወጣ ባለ ብርድ ነው የምታስታውሰው፤ ምንም ቢደራርቡበት የማይለቅ ብርድ።

ባሏ ከሞተባት ዘጠነኛ ዓመቷ ነበር። ያለቻት አንዲት ልጅ ናት። ሰፈሩ ልጅቷን መርፌ ይላታል፤ አንድም ቀጭን ስለሆነች፣ አንድም ምላሷ ስለሚዋጋ። መርፌ ከትራስ ሰፊዋ እግር ስር ተቀምጣ ጨርቅ ስትጠቃቅም አደገች፤ ስትጎረምስ የመኪና ወንበር ልብስ የሚሰፋበት ወርክሾፕ ገባች። ቆዳ ላይ ድርብ ስፌት ስታስኬድ ላየ ሰው በማስመሪያ የተሰመረ ይመስለዋል።

አንድ ቀን አሠሪዋ ስልኩን ማሽኑ ላይ ደገፍ አድርጎ፣ «ስፊ፣ እያዩሽ ነው» አላት። የሚያዩዋት አውሮፓ ያለ የሶፋ ፋብሪካ ሰዎች ነበሩ። ጥምዝ ያለ የወንበር ጠርዝ ሰፍታ አሳየቻቸው፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልፈታችም። በሁለት ወሩ የሥራ ውሉና የሥራ ፈቃዱ አብረው መጡ። የቀረው ቪዛው ነበር። የዚያን ቀን የሰፋቻትን ቁራጭ ቆዳ መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ትዞር ጀመር፤ ተመስገን ለማለት እየፈለገች አፏ እንቢ ሲላት እሷን አውጥታ ትደባብሳለች።

የቪዛው ቀጠሮ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ተያዘ። ደብዳቤው ቁርጥ አድርጎ ተናግሯል፦ በዚያ ቀን ወረቀቱ ተሟልቶ ካልገባ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል።

«እማዬ፣ ሃያ አንድ ቀን ብዙ ነው ጥቂት?»

«ለተቀመጠ ብዙ ነው፤ ለሚሮጥ ግን ምን አላት?»

ሩጫውን ተከፋፈሉት። የፖሊሱን ወረቀትና የሥራ ልምዱን መርፌ ያዘች። ከተወለደችበት ሆስፒታል መዝገብ ጋር የተመሳከረ የልደት ማስረጃም ተጠይቆ ነበር። «እሱን ለእኔ ተይው» አለች ትራስ ሰፊዋ፤ ቶሎ ነው ያለችው፣ የጎረሰችውን እንኳ ሳትውጥ። የመርፌ እግር ያንን መዝገብ ቤት እንዳይረግጥ ፈልጋ ነው።

የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ መነጽሩ በክር የታሰረ ሽማግሌ ነው። ትልቁን መዝገብ አቧራውን እፍ ብሎ ገለጠና በጣቱ ሲወርድ ሲወርድ ቆመ።

«እናቴ፣ እርስዎ ለልጅቷ ምኗ ነዎት?»

«እናቷ።»

ሰውዬው መዝገቡን አየ፤ እሷን አየ። «እዚህ ላይ እናት ተብላ የተጻፈችው ሌላ ሴት ናት። አባትየውም ፓስፖርቱ ላይ ያለው አይደለም።»

«እህቴ ናት። ሞታለች።»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ታናሽ እህቷ ከአንድ ከባድ መኪና ሾፌር ፀንሳ፣ ሾፌሩ በዚያው ሄዶ ቀረ። በወለደች በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረፈች። ያኔ የሚጠቀልሉበት ቢጠፋ ትራስ ሰፊዋ ልጅቷን ጥጥ ያልገባበት አዲስ የትራስ ልብስ ውስጥ ከትታ ነው ከሆስፒታል ያወጣቻት። ጎረቤታቸው የጫማ ሰፊው ሚስት በዚያው ሰሞን ወልዳ ስለነበር አጠባቻት። የትራስ ሰፊዋ ባል ደግሞ ቀበሌ ሄዶ፣ «ልጄ ናት» ብሎ በስሙ አስመዘገባት። ማንን ይጎዳል? ማንም ምንም አላለም። የሚያውቁትም ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አፋቸውን በክር ሰፍተው ኖሩ።

ሽማግሌው ማስረጃውን ጽፎ ማኅተም መታበትና የሚደረገውን በቀስታ ነገራት። ሁለቱ ወረቀቶች፣ ይህ ማስረጃና ፓስፖርቱ፣ ተጣልተዋል፤ ቪዛ ሰጪዎቹ ካዩት አንዱን ሐሰት ነው ይላሉ። ያሳደገቻት ሰው ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ በአካል ቀርባ አሳደግኳት እንጂ አልወለድኳትም ብላ ቃሏን ትስጥ። ልጅቷም ትገኝ፤ ሁለት ምስክርም ይቅረብ። ከዚያ የሁለቱ ወረቀቶች ባለቤት አንዲት ሰው መሆኗ ይጻፍላታል።

ትራስ ሰፊዋ ወረቀቱን ይዛ ቤቷ ገባች። የራሷን ትራስ አንድ ጎን ተረተረች፤ ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላ ጥጡ መሐል ከተተችው፤ መልሳ ሰፋችው። ማታ መርፌ ስትመጣ፣ «መዝገብ ቤቱ ተዘግቷል» አለቻት።

በማግስቱ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ሆነ። ከዚያ መብራት ጠፋ። ከዚያ ኔትወርክ የለም ተባለ። ውሸት እንደ ጥጥ ነው፤ አንዴ መጎስጎስ ከጀመሩ ቦታ አያጣም። ጎኗን ባሳረፈች ቁጥር ላስቲኩ ጆሮዋ ስር ኮሽ ይላል። አሥራ አራት ቀን ቀረ። አሥር ቀረ። መርፌ በር ላይ ቆማ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ «ዛሬስ?» ትላለች፤ ትራስ ሰፊዋ ራሷን ትነቀንቃለች።

ጫማ ሰፊው ግን አልተታለለም።

«አንቺ ሴትዮ፣ ስንት ቀን ነው መብራት የሚጠፋው? እኔ ጋ እኮ አለ!»

«አንተ ሶልህን ለጥፍ።»

«ልለጥፍ፤ እኔ የተቀደደውን ነው የምለጥፈው። ያልተቀደደ እየቀደድሽ ያለሽው አንቺ ነሽ። ብትነግሪያት ምን ትሆናለች?»

«ትሄዳለቻ!»

«እሷማ ለመሄድ ነው የምትሮጠው።»

«ከእኔ ነው የምልህ፣ ከእኔ!» አለችው፤ ድምጿ ተሰበረና ዝናቡ ዋጠላት። ጫማ ሰፊው መዶሻውን አስቀመጠ።

ቀጠሮው አምስት ቀን ሲቀረው መርፌ ከሥራ ቀደም ብላ ገባች። ፊቷ ሜዳ ነው፤ ንዴትም የለበትም።

«እማዬ፣ ተይው በቃ። ነገ ደውዬ ሌላ ሰው ውሰዱ እላቸዋለሁ። አንቺንም በዚህ ጭቃ አንከራተትኩሽ። እዚሁ እንሠራለን፤ ምን ጎደለን?»

ትራስ ሰፊዋ እነዚያን ቀናት ሁሉ የጸለየችው ይህን ነበር። ልቧ እልል ሊል ተነሣና መሐል መንገድ ላይ ቆመ። መርፌ የድሮዋን የእግር ማሽን ከፍታ ዘይት እያስነካች ነበር፤ የፈሰሰውን የምትጠርግበት ጨርቅ ያቺ ቁራጭ ቆዳ ናት። ድርብ ስፌቷ በጥቁር ዘይት ተሸፍኗል።

«ስጪኝ እሷን!» ብላ ጮኸች ትራስ ሰፊዋ።

«ምኑን? ቁራጭ እኮ ናት።»

ትራስ ሰፊዋ ምላጭ አነሣችና ትራሷን ከአልጋው ጎትታ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተረተረችው። ጥጡ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ወረቀቱን ከላስቲኩ አውጥታ ሰጠቻትና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

መርፌ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ማኅተሙ ላይ ያለውን ቀን አየች።

«አሥራ አምስት ቀን ሙሉ እዚህ ነበር?»

«እዚህ ነበር።»

«ኔትወርክ የለም ስትይኝ?»

«አዎ።»

«አቤት ውሸትሽ!» አለች መርፌ፤ ያን ያህል የተቆጣችው ስለ ቀኖቹ ነው፤ ወደ ሌላው ገና አልደረሰችም። ጥጡ ላይ ተቀመጠች። «ምን ትመስል ነበር?» አለች።

«አንቺን። በተለይ ስትቆጪ።»

መርፌ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ነገ ስንት ሰዓት ይከፍታሉ?»

የሚቀጥሉት ቀናት እንዴት እንዳለፉ ትራስ ሰፊዋ በቅደም ተከተል አታስታውስም። ሰልፉን ታስታውሳለች፣ የረጠበ ጫማዋን፣ ጫማ ሰፊውና ሚስቱ ያላቸውን ልብስ ለብሰው ለምስክርነት መቆማቸውን። የቢሮው ፈራሚ እስከ ስድስት ሰዓት ነው ያለው፤ ከዚያ ለሳምንት መስክ ይወጣል ተብሏል። ተራቸው ሲደርስ የግድግዳው ሰዓት ለስድስት ሩብ ጉዳይ ይላል።

«እናቴ፣ ቃልዎን ይስጡ» አለች ጸሐፊዋ እጇን ኪቦርዱ ላይ ጭና።

ትራስ ሰፊዋ የነጠላዋን ጫፍ ጣቷ ላይ ጠቀለለች።

«እናቴ፣ ሰዓት እየሄደ ነው።»

መርፌ ጎኗ ቆማለች። አልነካቻትም፤ አላየቻትም። ሰዓቱን ብቻ ታያለች። ጫማ ሰፊው ከኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሳደግኳት» አለች ትራስ ሰፊዋ።

«እሱ ተጽፏል። ቀጥሎ ያለውን።»

«አልወለድኳትም።»

ጸሐፊዋ ጻፈችው። ሁለት ቃል የማትሞላ ነገር ናት፤ ኪቦርዱ ላይ ቶሎ አለቀች። ፈራሚው ካፖርቱን ደርቦ በሩ ጋ ደርሶ ነበር፤ የጫማ ሰፊው ሚስት በሩን በጀርባዋ ዘግታ፣ «ጌታዬ፣ ይችን ሳይፈርሙ እኔን ረግጠው ነው የሚያልፉት» አለችው። ቆሞ ፈረመ።

በቀጠሮው ቀን መርፌ ብቻዋን ነው የገባችው፤ አጃቢ አይፈቀድም። ትራስ ሰፊዋ ማዶ፣ የተዘጋ ሱቅ ታዛ ስር ሦስት ሰዓት ቆመች። ከበሩ የሚወጣውን ፊት ሁሉ ታነባለች፤ አንዱ ይስቃል፣ አንዷ ፎልደሯን ደረቷ ላይ አጣብቃ ታለቅሳለች። መርፌ ስትወጣ ፊቷ ላይ ምንም የሚነበብ አልነበረም። ታክሲ ውስጥ ሲገቡ ተናገረች።

«አሻራ ሰጠሁ። ወረቀቱን አገላበጡት፤ ያንቺን ቃል ሁለት ጊዜ አነበቡት። ከዚያ ሰውዬው በመስታወቱ ቀዳዳ፣ ‹እናትሽ በሕይወት አለች?› አለኝ።»

«ምን አልሽው?»

«ወረቀቱ የሚለውን።»

ትራስ ሰፊዋ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። መንገዱ ላይ ውሃ ይጎርፋል።

«ደግ አደረግሽ» አለች። «በቁሜ ቀበርሽኝ እንጂ ደግ አደረግሽ።»

መርፌ መጀመሪያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ። እያለቀሰች ነው ብላ ትራስ ሰፊዋ ዞር ስትል እየሳቀች ነው፤ እየሳቀች እንባዋ ይወርዳል። ሹፌሩ በመስታወት አያቸውና ሬድዮውን ቀነሰ።

መልሱ እስኪመጣ ሰባት ሳምንት ፈጀ። በእነዚያ ሳምንታት መርፌ «እማዬ» አላለቻትም፤ ሌላ ስምም አልጠራቻት። «ስሚ»፣ «እንኪ»፣ «መጣሁ» ብቻ። ትራስ ሰፊዋ አልጠየቀችም፤ በምን አፏ? የስልክ መልእክት ሲመጣ መርፌ ሄዳ የታሸገውን ፖስታ ተቀበለች፤ ሳትከፍተው ዝናብ ላይ ሮጣ መጣችና ደጁ ላይ፣ «እማዬ፣ ምላጭሽን አምጪው!» ብላ ጮኸች። ፖስታውን በምላጩ የከፈተችው ትራስ ሰፊዋ ናት። ፓስፖርቱ ላይ ቪዛው ተለጥፏል።

ቁራጯን ቆዳ ትራስ ሰፊዋ በሳሙና አጥባ ዘይቱን አስለቅቃ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። ለራሷም አዲስ ትራስ ሰፋች፤ ምንም ያልተደበቀበት፣ ደረቅ ጥጥ ያለው።

መርፌ ያኔ እንደሄደች አልተመለሰችም። ለመጨረሻ ጊዜ የደወለችው ባለፈው ክረምት ማብቂያ ነው። በዚያው ሶፋ ፋብሪካ፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ከመስኮቱ ሦስተኛ ባለው ማሽን ትሠራለች፤ የምትኖረውም ከፋብሪካው በስተጀርባ ባለው የሠራተኞች ቤት፣ ከሁለት ሰፊዎች ጋር ነው።