ከጽዋው አጠገብ የተቀመጠው ዘይት

እትዬ እታፈራሁ ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ይነዱ ነበር፤ እስከ ባለፈው ፋሲካ ድረስ። የምንኖረው ዋይት ሲቲ አንድ ሕንጻ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ከታች፣ እኔ ከላይ። አንድ ቀን ዊልስደን ሃይ ሮድ ላይ ቆሜ ሳለ ባለ ሁለት ፎቅ ቀይ አውቶቡስ ኩርባውን እንደ ውሃ ፈስሶ ሲታጠፍ አየሁና ቀና ብዬ ነጂውን ፈለግሁ። እሳቸው ነበሩ። ቁመታቸው አጭር ስለሆነ ከመሪው በላይ ዓይናቸውና ሻሻቸው ብቻ ይታያል። ያን ሁሉ ብረትና ያን ሁሉ ሰው እንዲያ አለስልሶ የሚያስኬደው እጅ፣ ደረጃችን ላይ የገበያ ጋሪ እየጎተተ የማየው እጅ መሆኑን ማመን አቃተኝ።

በስደት ሲመጡ የሚያውቁት እንግሊዝኛ ሰላምታ ብቻ ነበር። ሆቴል አልጋ አነጠፉ፣ አረጋውያን አጠቡ፣ ከዚያ አንድ ጧት ሴት ነጂ አይተው “ይቺ ከቻለች” ብለው አፕላይ አደረጉ። ፈተናውን ደጋግመው ወድቀው አለፉ። ሰው ሥራቸውን ሲጠይቃቸው “ሹፌር ነኝ” አይሉም፤ “ሰው አደርሳለሁ” ይላሉ።

ተቀምጦ መዋል ግን ወገባቸውን በላው። የሥራ ሰዓታቸው አንድ ሳምንት በጧት፣ አንድ ሳምንት በማታ ስለሚገለባበጥም እንቅልፍ ከዳቸው። ይህን የሚያውቁላቸው የሚካኤል ማኅበርተኞቻቸው ነበሩ። ማኅበሩ በየወሩ አንድ እሁድ በአንዱ አባል ቤት ይሰበሰባል፤ ካህኑ ይጸልያሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ ጽዋው ይዞራል። ከተባረከ በኋላ ከዚያ ጠረጴዛ የሚነሳ ነገር “ምንድን ነው?” ተብሎ አይጠየቅም። ወንድምህ ያቀረበውን መመለስ ነውር ነው፤ ማንቋሸሽ ደግሞ ከነውርም በላይ።

ተክለአብ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ዕድሜው አንቱታ ይገባው ነበር፤ ብዕሬ ግን እምቢ አለኝ። እሱም የማኅበሩ አባል ነው፤ ስቶክዌል ውስጥ “ከተፈጥሮ” የተባለ ነገር ሁሉ የሚሸጥበት ሱቅ አለው። ድምፁ ለስላሳ፣ እጁ ለስላሳ፣ ሲጨብጡት እንደ ሳሙና የሚያዳልጥ ሰው ነው። በዐቢይ ጾም መግቢያ ላይ፣ ከካናቢስ ተክል የሚወጣውን ሲቢዲ የሚባለውን ዘይት በትናንሽ ጠርሙሶች ይዞ መጣና ከዳቦው ጎን፣ ከጽዋው አጠገብ ደረደረው። ያውም ከጸሎቱ በፊት። ይህን የነገሩኝ እትዬ እታፈራሁ ናቸው። ሱቁ ውስጥ ቢሆን ሰው አገላብጦ አይቶ በጠየቀው ነበር። እዚያ ግን ከዳቦው ጋር አብሮ ተባረከለት።

እንደ ሐሺሽ አያሰክርም፣ አሰካሪው ነገር ወጥቶለታል፣ ሕጋዊ ነው፣ ለእንቅልፍም ለወገብም ፍቱን ነው እያለ አስረዳቸው። ደግሞም የጾም ነው አላቸው። ከአባላቱ መካከል ልዑልቃል የሚባል ታክሲ ነጂ አለ፤ እሱ ብቻ ከወሰዱ በኋላ መንዳት ይቻል እንደሆነ ጠየቀ።

“ቅጠል ነው እኮ፣ ወንድሜ” አለው ተክለአብ። “ጎመን በልተህ አትነዳም?”

ቤቱ በሳቅ ሞላ። እትዬ እታፈራሁም ሳቁ።

ይዘውት የመጡትን ጠርሙስ ኋላ ከፍቼ አሽትቼዋለሁ። ማንጎ ጨምረውበታል፤ ከማንጎው ሥር ግን ዝናብ የመታው ድርቆሽ፣ ሳይደርቅ የታጠፈ ጨርቅ ይሸታል። አንድ ጠብታ ምላሴ ላይ ባደርግ ተለጥፎ እስከ ማታ አልለቀቀኝም። ጀርባው ላይ፣ የጉንዳን እግር በሚያክል ፊደል፣ ድካም የተሰማው ሰው መኪና እንዳይነዳ ተጽፏል። ፊት ለፊቱ ላይ ትልቅ አረንጓዴ ቅጠል ፈገግ ብሏል።

በጾሙ ወራት እትዬ እታፈራሁ ሊተኙ ሲሉ ዘይቱን ከምላሳቸው ሥር ያንጠባጥቡ ነበር። ምንም አልተሰማቸውም። ደውለው ቢጠይቁት “ጨምሪ” አላቸው፤ ጨመሩ። ትንሽ እንቅልፍ መጣላቸው። እንግዲህ ልኩ ይህ ነው ብለው ያዙት። ግን ጎመንና ሽሮ በለመደ ሆድ የተለካ የጾመኛ ልክ ነበር።

የፋሲካ ዕለት ዶሮው በቅቤ ተሠርቶ፣ አይቡ ተጨምሮ ቀረበ። ያን ሁሉ ቀን ጾሞ ማን ይተወዋል? ማታ ያንኑ የለመዱትን ጠብታ ወሰዱ። ማግስቱ ለእኛ በዓል፣ ለእንግሊዝ ግን ተራ ሰኞ ነውና ጧት መሪያቸውን ጨበጡ።

አላንቀላፋሁም ይላሉ፤ እኔን ያስደነቀኝም ይኸው ነው። ዓይናቸው ተከፍቶ ነበር። መብራቱ ቀይ መሆኑን አይተዋል፤ ቀይነቱ ግን ወደ እግራቸው ለመውረድ ዘገየ። “እንደ ሩቅ ዘመድ መርዶ ነው የደረሰኝ” አሉኝ። ዘግይተው ስለነበር ፍሬኑን በኃይል ረገጡት። ለመውረድ ተነስተው የቆሙ አንዲት አሮጊት ከያዙት ምሰሶ ተላቀው ወለሉ ላይ ወደቁ፤ የእጃቸው አንጓ ተሰበረ። እትዬ እታፈራሁ አምቡላንስ እስኪመጣ ተንበርክከው የአሮጊቷን ራስ ደገፉላቸው። አሮጊቷ በዚያ ሕመማቸው ውስጥ ሆነው ጥፋቱ ያንቺ አይደለም እያሉ ያጽናኗቸው ነበር። ያ ማጽናኛ እስከ ዛሬ ያንገበግባቸዋል።

ፖሊስ ምራቃቸውን መረመረ። “ወጥቶለታል” የተባለው አሰካሪ ነገር ተገኘበት። ደም ሰጡ፤ ውጤቱ እስኪመጣ ከሥራ ታገዱ። ሐኪማቸው፣ ይህ ዘይት ከቅባት ምግብ ጋር ሲገናኝ ወደ ደም የሚገባው በብዙ እጥፍ እንደሚያድግ፣ ጠርሙስ ላይ የተጻፈውም ውስጡ ካለው ጋር ሁልጊዜ እንደማይገጥም ነገራቸው።

በዚያው ሳምንት ተክለአብ ብርቱካን በከረጢት ይዞ መጣ። እኔ ወጥ ቤት ሻይ እያፈላሁ ነበር። ደህንነታቸውን ጠይቆ፣ ስለ እግዚአብሔር ጥቂት አውርቶ፣ ወደ ጉዳዩ ገባ።

“እቴ፣ የዘይቱን ነገር አታንሺ። የሕንጻችሁ ደረጃ ሁልጊዜ ሐሺሽ ሐሺሽ ይሸታል። የጎረቤት ልጆች የሚያጨሱት ጭስ ነው በያቸው። ማን ያጣራል?”

“የሰው ልጅ ላስይዝልህ?”

“ማኅበሩን ከምታሰድቢ ይሻላል።”

“በገዛ እጄ ነው አፌ የጨመርኩት” አሉት። “ብርቱካንህን ይዘህ ሂድ።”

ይዞት ሄደ። ሲወጣ በሩን እንዴት ቀስ አድርጎ እንደዘጋው! ከዚያ ለስላሳነቱ የበለጠ የሚያስጠላ ነገር አላየሁም።

እውነቱን ተናገሩ፤ እውነቱ ግን አላዳናቸውም። ደማቸው ውስጥ የተገኘው ከሕጉ ወሰን በላይ ነበር፤ አላወቅሁም ማለት የካናቢስ ንጥረ ነገር በደም ይዞ የመንዳትን ጥፋት አይሽርም። ፍርድ ቤት መንጃ ፈቃዳቸውን ለአንድ ዓመት ከለከላቸው፤ ሥራቸውም በዚያው ሄደ።

ማኅበር መሄድ ተዉ። በኅዳር ሚካኤል ግን ሻሻቸውን አስረው፣ ደግፊኝ ብለውኝ አብረን ሄድን። ገና ስንገባ ጠርሙሶቹን አየኋቸው፤ ከጽዋው አጠገብ፣ አሁን ደግሞ በእንጆሪ ጣዕም። ተክለአብ ከሁሉ ቀድሞ ተነስቶ ሳማቸው። ከዘይቱ ከወሰዱት መካከል ስንቶቹ እንደሚነዱ እያሰብኩ ዙሪያዬን አየሁ፤ ግማሹ ቤት ማለት ይቻላል በመንዳት የሚተዳደር ነው። እትዬ እታፈራሁ ዝም ካሉ ወንድማቸውን በተባረከ ጠረጴዛ ላይ ከማዋረድ ይድናሉ። ከተናገሩ የቀራቸው አንድ ማኅበር ነው፤ እሱንም ያጣሉ።

ጸሎቱ አለቀ፤ ጽዋው ዞሮ ደረሳቸው። ወደ አፋቸው ሳያደርሱ ይዘውት ቆሙ።

“ይህን ዘይት የወሰደ መኪና አይንዳ” አሉ። “እኔ ወስጄ ሰው ሰብሬያለሁ።”

ካህኑ አቀረቀሩ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ከጥግ “ምን ነው በሚካኤል ቀን” የሚል ተሰማ። ተክለአብ እየሳቀ፣ ምስኪን፣ ከዚያ አደጋ ወዲህ ሐሳብ ይይዛታል ብሎ አጠገቡ ለተቀመጠው ነገረ። ሰዉም ወደ ምግቡ ተመለሰ። ወንድምን ከማሳፈር ሰው መግጨት የሚቀላቸው ይመስል፣ ዳቦውን እየቆረሱ ተቀባበሉ። እኔ ድርሻዬን ሳልቀምስ መልሼ አስቀመጥኩት።

ልዑልቃል ብቻ ወደ እኛ ተጠግቶ ጎንበስ አለ። “እትዬ፣ ትናንት ማታ የወሰድኩት እስካሁን ይኖራል?”

“አላውቅም፣ ልጄ። ይህ የሚሸጥልህም አያውቅም።”

ልዑልቃል ስልኩን አውጥቶ የዕለቱን ሥራ ሰረዘ፤ ካፖርቱንም ደርቦ ወደ አውቶቡስ ፌርማታው ወጣ።